የዎርድን ቢጫ ማስጠንቀቂያ ላጥፋው ወይ?

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አንድ ደንበኛዬ የድርጅቱን ደብዳቤዎች የምጽፍበትን ቴምፕሌት በፍላሽ አምጥቶልኛል። ስከፍተው ከገጹ በላይ ቢጫ መስመር ወጥቶ ማክሮዎች እንደታገዱ ይነግረኛል፤ የፋይሉም ስም የሚያበቃው «ዲኦቲኤም» በሚሉት ፊደላት ነው። አንድ ወዳጄ «የዎርድ ቴምፕሌቶች ወደሚቀመጡበት ፎልደር ገልብጪው፤ ከዚያ በኋላ አያስቸግርሽም» ብሎኛል። ምክሩን ልከተል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እባክዎ ፋይሉን ወደዚያ ፎልደር አይገልብጡት። ወዳጅዎ እንዳሉት ማስጠንቀቂያው በእርግጥ ይጠፋል፤ የሚጠፋው ግን ዎርድ ያንን ፎልደር ከመጀመሪያውም የታመነ ቦታ አድርጎ ስለሚቆጥረውና በውስጡ የተቀመጠ ፋይል የያዘውን ማክሮ እርስዎን ሳይጠይቅ ስለሚያሠራው ነው።

ማክሮ በሰነዱ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ቀንና የደብዳቤ ቁጥር በራሱ ሊሞላልዎ ይችላል፤ በክፉ ሰው እጅ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ፋይል ሊያጠፋ ወይም ሌላ ጎጂ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ሊያወርድ ይችላል። ማይክሮሶፍት ከኦፊስ 2007 ጀምሮ ሁለቱን ዓይነት ቴምፕሌት በስም ለይቷቸዋል፦ «ዲኦቲኤክስ» ማክሮ መያዝ አይችልም፣ «ዲኦቲኤም» ይችላል። በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሠራጨው ሜሊሳ የተባለው ቫይረስ በአንድ የዎርድ ሰነድ ተሸሽጎ ገብቶ፣ ራሱን በኢሜይል ወደ 50 አድራሻዎች ከመላኩም በላይ «ኖርማል» የተባለውን የዎርድ ዋና ቴምፕሌት ይበክል ነበር። ይህ ቴምፕሌት ዎርድ በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚከፈት በመሆኑ፣ እርሱ ከተበከለ የአንዱ ደንበኛ ችግር ለሌሎቹ ሁሉ ይተርፋል፤ በቀን የብዙ ሰው ፍላሽ ለሚሰካበት ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ስለ ፍላሹም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ከኢንተርኔት በቀጥታ የወረደ ፋይል ዊንዶውስ የሚያውቀው ስውር ምልክት ይለጠፍበታል፤ ከ2022 ወዲህ አዲሶቹ የዎርድ ስሪቶች ይህን ምልክት ሲያዩ ማክሮውን በቀይ መስመር ይዘጉታል እንጂ የመፍቀጃ ቁልፍ አያቀርቡም። ነገር ግን አብዛኞቹ ፍላሾች የተዘጋጁበት የፋይል ሥርዓት ምልክቱን መያዝ ስለማይችል፣ ያው ፋይል በፍላሽ ዞሮ ሲመጣ የሚታየው ቢጫው መስመር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቀይ አለመታየቱ የፋይሉን ንጽሕና አያረጋግጥም።

ፋይሉን በአንቲቫይረስ ከፈተሹ በኋላ፣ ሁለት ጊዜ ጠቅ ከማድረግ ይልቅ በቀኝ የማውሱ ቁልፍ ተጭነው «ኦፕን» የሚለውን ይምረጡ። ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ በቴምፕሌቱ ላይ የተመሠረተ አዲስ ሰነድ ይፈጥራል፤ «ኦፕን» ግን ቴምፕሌቱን ራሱን ይከፍተዋል። በቢጫው መስመር ላይ ያለውን፣ ማክሮውን የሚፈቅደውን «ኢኔብል ኮንተንት» የሚለውን ቁልፍ ሳይነኩ «ሴቭ አዝ» ብለው ዓይነቱን ወደ «ዲኦቲኤክስ» ይለውጡት። ዎርድ ማክሮው አብሮ እንደማይቀመጥ ሲጠይቅዎ ይስማሙ፤ አርማው፣ የገጹ አቀማመጥና የፊደሉ ቅርጽ እንዳሉ ይቆያሉ፣ የሚቀረው ማክሮው ብቻ ነው። ለደብዳቤ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ይበቃል ብለን እናምናለን። ደንበኛዎ ማክሮው የግድ ያስፈልጋል ካሉ፣ ማን እንደሠራውና ምን እንደሚያደርግ ይጠይቋቸው፤ የሠራውን ሰው መጥቀስ ካልቻሉ አይፍቀዱት።

ምናልባት ቀደም ሲል «ኢኔብል ኮንተንት» ተጭነው ከሆነ፣ ማክሮው አንድ ጊዜ ሠርቷል ማለት ነው፤ ዎርድ ቴምፕሌትን እንደታመነ ሰነድ ስለማይመዘግብ ግን በሚቀጥለው ጊዜም ይጠይቅዎታል። ስለዚህ ዎርድን ዘግተው «ኖርማል» የተባለውን ቴምፕሌት ስም ይለውጡት። ዎርድ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ንጹሕ የሆነ አዲስ ይፈጥራል። ኮምፒውተሩንም ሙሉ በሙሉ ሳይፈትሹ የሌላ ደንበኛ ፍላሽ አይሰኩበት።