አየር ማጽጃ ለኛ ቤት ይረባል? የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ባለፈው ሳምንት «ስለ ቤት አየር ማጽጃ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ካሰብኩት በላይ ጻፋችሁ። ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአረርቲ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና። ለማታውቁኝ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ እጠግናለሁ። እናቴ ደግሞ አስም አለባት። ስለዚህ ይህን ማሽን ሲሠራም ሲበላሽም አውቀዋለሁ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ይሄ ኤር ፒውሪፋየር የሚሉት ነገር እውነት ይሠራል ወይስ ብር ማባከን ነው? ከደብረ ብርሃን።

መልስ፦ ይሠራል። ግን ሥራው ምን እንደሆነ እንወቅ። ውስጡ ያለው ዋናው ነገር ማራገቢያና ማጣሪያ ነው። ማራገቢያው የክፍሉን አየር ይስባል፣ ማጣሪያው አቧራውንና የጭሱን ብናኝ ይይዛል፣ የተጣራው ተመልሶ ይወጣል። በቃ። ሄፓ የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ፣ ትክክለኛው ከሆነ፣ 0.3 ማይክሮን ከሚያህል ብናኝ 99.97 በመቶውን ያስቀራል። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረቱ 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ከዚህ ገምቱት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ በሜትር ኩብ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። እኔ በትንሽ መለኪያ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ እጣን ሲጨስ ለካሁ። ቁጥሩ 300 አለፈ። ከሰሉንና ማጨሻውን አወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ማሽኑን በመጨረሻው ፍጥነት ለቀቅኩት። ከ40 ደቂቃ በኋላ 30 ውስጥ ገባ። እናቴ ያን ሌሊት አላሳላትም። ስለ አንድ ሌሊት ነው የምናገረው፣ ግን እኔ ያመንኩት ያን ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ሱቅ ላይ ትንሹም ትልቁም «ለ60 ካሬ ይበቃል» ይላሉ። የቱን ልመን? ከደብረ ብርሃን።

መልስ፦ ካሬውን ተወው። ካርቶኑ ላይ ሲኤዲአር (CADR) የሚል ቁጥር ፈልግ። በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር እንደሚሰጥ የሚናገረው እሱ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ክፍልህ 4 በ4 ከሆነ፣ ከፍታው ደግሞ 2.8 ሜትር ከሆነ፣ ወደ 45 ሜትር ኩብ አየር አለው። አስም ላለበት ሰው አየሩ በሰዓት አምስት ጊዜ ቢጣራ ጥሩ ነው። 45 በ5 ሲባዛ 225። እንግዲህ ከ225 በታች የሆነ ለዚያ ክፍል ያንሳል።

አንድ ነገር ልብ በል። ያ ቁጥር የተለካው ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ሲጮህ ነው። ማታ ድምፁ ረብሾህ ወደ ዝቅተኛው ስታወርደው ሥራውም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ተለቅ ያለ ገዝቶ በዝግታ ማሠራት፣ ትንሹን ገዝቶ ከማስጮህ ይሻላል። ሲኤዲአር ጭራሽ ያልተጻፈበትን እኔ ለእናቴ አልገዛም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ እንኳ ትልቅ ሰው ነኝ፤ ይሄን ነገር አላውቀውም። ልጄ ከአሜሪካ በሰው እጅ ላከችልኝ። ሶኬቱ አልገባ ብሎ ማስገቢያ ገዝተን ልንሰካው ነው። ከደብረ ሲና።

መልስ፦ እናቴ፣ እባክዎ አይሰኩት! መጀመሪያ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ሰው ያንብብልዎ። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ቮልት ወዲያው ያቃጥለዋል። ያ ማስገቢያ የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ ነው የሚቀይረው፤ ኃይሉን አይቀንስም። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግዎታል። ማሽኑ 50 ዋት ቢሆን 100 ዋት የሚችል ይበቃል። «ከ100 እስከ 240» የሚል ከሆነ ግን ያለ ምንም ስጋት ይሰኩት።

እግረ መንገድዎን ልጅዎን ማጣሪያም እንድትልክልዎ ይንገሯት። ማሽኑ መጥቶ ማጣሪያው ካልመጣ ከዓመት በኋላ ባዶ ሳጥን ነው። ስንቱን ቤት እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት ሰባት ወር ሠራ። ማታ ማታ የልጄ አፍንጫ ያው እንደታፈነ ነው። ከደብረ ብርሃን።

መልስ፦ ከእናንተ ጋር የሚመሳሰል ቤት ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። ማሽኑን አጠፋሁ፣ የኋላ ክዳኑን ከፈትኩ፣ ማጣሪያውን ሳብኩት። እንደ በረዶ ነጭ ነው። ለምን? ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ ላዩ ላይ ነበር! አየሩ በጎን በጎን እየሾለከ ሲዞር ከርሟል። አባትየው ዝም ብሎ ላስቲኩን እጁ ላይ ይዞ ቆመ። የማንም ጥፋት አይደለም፤ መመሪያው በቻይንኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ክፈቱትና እዩ።

ላስቲክ ከሌለ ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ማጣሪያው ቦታው ላይ ጥብቅ ብሎ ገብቷል? ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ አየሩ በዚያ ነው የሚያልፈው። ሁለተኛ፣ ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን እዩ። አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ የተወጠረበት ቤት ከሆነ፣ ከላይ በቆርቆሮው ሥር የሚገባው አቧራ ማለቂያ የለውም። ማሽኑ የሰፈሩን አየር ሊያጣራ አይችልም። መጀመሪያ ክፍተቱን ድፈኑ።

ጥያቄ፦ ዋናው ብልሽቱ ምንድነው? ስንት ዓመትስ ይቆያል? ይሄን ብዙ ሰው ጠይቋል።

መልስ፦ እኔ ጋ ከሚመጣው አብዛኛው የመብራት ጉዳት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንዴ በኃይል ይመጣል። ያኔ የኃይል ቦርዱ ላይ ፊውዙ ወይም ካፓሲተሩ ይሄዳል። ሞተሩ ደህና ነው፣ ማጣሪያው ደህና ነው፣ ማሽኑ ግን ሞቷል። ነቅታችሁ እያላችሁ መብራት ከጠፋ ንቀሉት። ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩት። ስታቢላይዘር ያለው ሰው በእሱ በኩል ያድርገው። የአምስት ሰው ሶኬት የተደረደረበት ልል ዲቫይደር ላይ ግን አደራ አትሰኩት።

ሌላም ሰው ልብ የማይለው አለ። ቁልፉ በንክኪ የሆነ ማሽን መብራት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ራሱ አይነሳም። ማታ ሦስት ሰዓት መብራት ሄዶ ሰባት ሰዓት ቢመለስ፣ እስኪነጋ ጠፍቶ ያድራል። እናንተ እየሠራ ይመስላችኋል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ አብሩት፣ ሶኬቱን ንቀሉት፣ መልሳችሁ ሰኩት። ራሱ ከተነሳ ለኛ አገር ይሆናል። እኔ ይሄን ከብዙ ጌጠኛ ነገር አስበልጠዋለሁ።

ሁለተኛው ሴንሰሩ ነው። በጎኑ በኩል ትንሽ ቀዳዳ አለች። ውስጧ የብርሃን ዓይን አለ፤ ብናኙን የሚቆጥረው እሱ ነው። በጋ ላይ አቧራ ይሸፍነዋል። ከዚያ ወይ ቀኑን ሙሉ ቀይ ያበራል፣ ወይ ጭስ እያለ አረንጓዴ ያሳያል። በየሁለት ወሩ ማሽኑን ነቅላችሁ በደረቅ ጥጥ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉት። የሽሮ እንፋሎትም ያታልለዋል፣ እንፋሎቱን ጭስ ነው ብሎ ይጮሃል። አረንጓዴ መብራት አይታችሁ አየሩ ንጹሕ ነው አትበሉ።

ሦስተኛው የማጣሪያው መብራት ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች ሰዓት ነው የሚቆጥሩት እንጂ ቆሻሻውን አያዩም። ካርቶኑ ከ6 እስከ 12 ወር ይላል። እጣን በየቀኑ የሚጨስበት ቤት ከዚያ በፊት ይደፈናል። አውጥታችሁ በዓይናችሁ እዩት። ግራጫ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ጠቁሮ አየሩ ከቀነሰ አብቅቷል።

ጥያቄ፦ ማጣሪያውን ማጠብ ይቻላል? ከመሐል ሜዳ።

መልስ፦ ሄፓውን አይቻልም፣ ይታጠባል ተብሎ ካልተጻፈበት በቀር። በኮምፕሬሰር መንፋትም አይሆንም፣ ደቃቅ ክሮቹን ይበጣጥሳቸዋል። የሚታጠበው ከፊት ያለው መረብ ነው።

ጥያቄ፦ አዮን (በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ቅንጣት) የሚለቅ፣ ማጣሪያ የማይፈልግ ርካሽ አለ። እሱስ? ከሸዋ ሮቢት።

መልስ፦ አልመክርም። አንዳንዶቹ ኦዞን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። መብረቅ ከወረደ በኋላ ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሚሸተው ሽታ እሱ ነው። ኦዞን ሳንባን ያስቆጣል፣ አስም ባለበት ሰው ላይ በሽታውን ያስነሳበታል። ለጤና ብለን በሽታ ገዝተን አንግባ። አዮን የሚል ቁልፍ ያለው ማሽን ካላችሁ ቁልፉን አጥፉት፣ ማጣሪያው ይበቃችኋል። ደግሞ እናንተ ቆላ ናችሁ፤ መስኮት ከፍታችሁ የምትውሉ ከሆነ ማሽኑን ቀን አታድክሙት።

ጥያቄ፦ ቆጣሪ አይበላም? ከአረርቲ።

መልስ፦ 40 ዋት የሆነው ሌት ተቀን ቢሠራ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ሰዓት ሲጋገርበት ከዚያ ሦስት እጥፍ በላይ ይበላል። በአውድማ ሰሞን የገለባ ብናኝ የሚያስነጥሰው ሰው ካለ፣ እሱ የሚተኛበት ክፍል ብቻ ይሥራ።

ጥያቄ፦ ብርዱ ስለማይቻል ማታ ከሰል እናስገባለን። ውጭ አቀጣጥለን ፍም ሲሆን ነው የምናስገባው፣ ጭስ የለውም። አሁን አየር ማጽጃ ስለገዛን በር ዘግተን ብንተኛ ችግር አለው? ከደብረ ብርሃን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄን ስላነሳህ እግዚአብሔር ይስጥህ። እባካችሁ ሁላችሁም ይሄን አንብቡ። ችግር አለው። ይገድላል።

አየር ማጽጃ ብናኝ ነው የሚይዘው። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ነው። በሄፓ ውስጥ እንደ ልቡ ያልፋል። የሽታ መያዣው ጥቁር ከሰል ማጣሪያም አያስቀረውም። ማሽኑ አረንጓዴ እያበራ ሰው ሊሞት ይችላል፣ ምክንያቱም ሴንሰሩ ይሄን ጋዝ ጨርሶ አያየውም።

«ፍም ሲሆን ጭስ የለውም» ያልከው እውነት ነው። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ጭሱ ሲጠፋ የሚታየው ነገር ጠፋ እንጂ ጋዙ አልጠፋም። አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደማችን ኦክስጅንን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ድሮም ስስ ነው። ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሲበረታ በሩን በጨርቅ ወትፈን፣ ከሰሉን አልጋ ሥር አስጠግተን እንተኛለን። ይሄ ነው ቤተሰብ የሚጨርሰው።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት ከተሰማችሁ፣ ወይም ቤት ያለ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ካመመው፣ ወዲያው ውጡ። በሩን በርግዱት። የደከመውን ሰው ተሸክማችሁ አውጡና ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም አድርሱት። «ትንሽ ልረፍ» ብሎ መተኛት የለም።

ለብርዱስ? የሞቀ ውሃ በዕቃ አድርጎ እግር ሥር ማድረግ፣ ብርድ ልብስ መደረብ፣ በርኖስ ያለው በርኖሱን ጣል ማድረግ። የግድ ከሰል ካስፈለገ ነቅታችሁ እያላችሁ፣ በርና መስኮት ገርበብ አድርጋችሁ ሙቁ፣ ከመተኛታችሁ በፊት አውጡት። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። አየር ማጽጃ መግዣ ያለው ሰው መጀመሪያ እሱን ይግዛ።

ጥያቄ፦ እህትህ ነኝ። ታዲያ ቡናውንና እጣኑን እንተወው? ከደብረ ብርሃን።

መልስ፦ አንቺ ስትይው እኔም አዘንኩ። አንተውም። እናቴም አልተወችም። በሩ ተከፍቶ ይፈላ፣ እጣኑ ትንሽ ይሁን፣ ሲያልቅ ከሰሉ ይውጣ። ከዚያ ማሽኑን አብሪው። ገና እየጨሰ አጠገቡ አታስቀምጪው፣ የእጣን ጭስ ሙጫነት ስላለው ማጣሪያውን ያጣብቀዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ ገጠር ናት። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ በኩበት ትጋግራለች፣ ዓይኗ ሁልጊዜ ያለቅሳል፣ ታስላለች። ደሞዝ አጠራቅሜ አየር ማጽጃ ልግዛላት? ከመሐል ሜዳ።

መልስ፦ ለእናትህ ማሰብህን አክብሬያለሁ። ግን በዚያ ብር አትግዛው። ኩበት እየነደደ በአንድ ክፍል ውስጥ ማሽን ማስቀመጥ፣ በሚያፈስ ጣራ ሥር ወለል መወልወል ነው። ማጣሪያው በሳምንታት ውስጥ ይደፈናል፣ ጋዙም እንዳለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ጭሱ በብዛት የሚያገኘው እንደ እናትህ ምድጃ ሥር የሚውሉትን እናቶችና ሕፃናትን ነው።

በዚያ ብር ከቤቱ ተለይታ የቆመች ትንሽ ማድቤት ሥራላት። በጣራዋ ላይ ጭስ መውጫ ይኑራት። ምርጥ ምድጃ አስገባላት፣ ማገዶም ይቆጥባል፣ ጭሱንም ይቀንሳል። እንጨቱም ኩበቱም ደርቆ ይንደድ፣ እርጥቡ ነው በብዛት የሚያጨሰው። ሳሏ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ጤና ጣቢያ ውሰዳትና አክታዋ ይታይ። ማድቤቷን ስትሠራ በሩን ከነፋሱ አቅጣጫ አዙረው፣ አለበለዚያ ጭሱ ተመልሶ ቤት ይገባል።