በዕድሳት ወቅት ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ 2ኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። የመታጠቢያ ቤቴን ሴራሚክና የውሃ መስመር ለማስቀየር ከአንድ ኮንትራክተር ጋር በቃል ተስማምቼ፣ ከ180 ሺህ ብሩ 120 ሺህውን በባንክ አስተላልፌለታለሁ። ሥራው አለቀ ተብሎ ሠራተኞቹ ከወጡ በኋላ፣ የፈረቃው ውሃ በመጣበት ሌሊት ከሥሬ ያሉት ጎረቤቴ ኮርኒስ ራሰ፤ የግድግዳቸውም ቀለም ተላጠ። ኮንትራክተሩ «ቧንቧው ድሮም አርጅቶ ነበር» ይላል፤ ቀሪውን ገንዘብ ካልከፈልኩትም መጥቶ እንደማያይ ነግሮኛል። ጎረቤቴ ደግሞ የሚያውቁት እኔን ብቻ እንደሆነ ገልጸውልኛል። የጽሑፍ ውል የለኝም። ሌላ ባለሙያ አስገብቼ ሁሉንም ላስነሣ አስቤአለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ሴራሚኩን ለማስነሣት እባክዎ አይቸኩሉ። ጉዳቱ ከየት እንደመጣ ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው ከሴራሚኩ ሥር የተቀበረው ቧንቧ ነውና፣ ኮንትራክተሩ ሳይጠራና ሁኔታው ሳይመዘገብ ከተነሣ፣ ነገ «የሰበራችሁት እናንተው ናችሁ» ሲባል የሚያቀርቡት መልስ ያጥርዎታል።

ሊቸኩሉበት የሚገባው ውሃውን መዝጋት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1802 ውል ፈረሰብኝ የሚል ወገን ከባድ ወጪ ሳያወጣ ሊያደርገው በሚችለው መጠን ጉዳቱን እንዲቀንስ ያዛል። ስለዚህ የመታጠቢያ ቤቱን መስመር ዘግተው፣ የረጠበውን ኮርኒስና ግድግዳ ከጎረቤትዎ ጋር ሆነው ፎቶ ያንሡ፤ ቀኑንም ይመዝግቡ።

ከዚያ የፍሳሹ ምንጭ ይለይ። ለዚህ የዘጉትን መስመር ለአፍታ ይክፈቱት፤ በቤቱ ያሉት የቧንቧ መክፈቻዎች ሁሉ ተዘግተው፣ ወደ ሮቶ (የውሃ ማጠራቀሚያው) የሚገባ ውሃም ሳይኖር፣ የውሃ ቆጣሪው መዞሩን ከቀጠለ፣ ከቆጣሪው ወዲህ ባለው ግፊት ያለበት መስመር ላይ ፍሳሽ አለ ማለት ነው። ቆጣሪው ቆሞ ውሃ የሚወርደው ገላ ከታጠቡ በኋላ ብቻ ከሆነ ግን፣ ጥርጣሬው ወደ ፍሳሽ ማስወገጃው ቱቦ ወይም ከሴራሚኩ ሥር ወዳለው የውሃ መከላከያ ይዞራል። ይህን ሲያደርጉ አንድ ነገር ያስተውሉ፤ በብዙዎቹ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የወለሉ ሥራ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ስላለበት፣ የገባው ውሃ በብሎኬቱ ውስጥ ተጉዞ ከተሰበረው ቦታ ራቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ኮርኒሱ በራሰበት ቦታ ትይዩ ብቻ ማስቆፈር ያልተበላሸውን ሥራ ጭምር ማበላሸት ይሆናል።

የጽሑፍ ውል አለመኖሩ ያን ያህል አያስደንግጥዎ። በአንቀጽ 1719 መሠረት ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በስምምነት ብቻ ይጸናል፤ የጥገና ሥራ ውልም በዚህ ሥር የሚወድቅ ነው። የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኙ፣ ስለ ዋጋና ስለ ሥራው የተለዋወጧቸው የስልክ መልእክቶች፣ ሠራተኞቹ ሲገቡና ሲወጡ ያዩ ጎረቤቶች ሁሉ ማስረጃዎች ናቸው። መልእክቶቹን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ቅር የተሰኙ ባለቤቶች ብዙ ጊዜ የሚዘሉትና በኋላ መብታቸውን የሚያዳክምባቸው ነገር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። አንቀጽ 1772 ውሉ አልተፈጸመልኝም ማለት የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ ለሌላው ወገን ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ አንቀጽ 1774 ደግሞ በማስጠንቀቂያው ላይ ተገቢ የሆነ የጊዜ ገደብ ማስቀመጥን ይፈቅዳል። በደብዳቤው ላይ የተስማሙበትን ሥራ፣ የከፈሉትን ገንዘብ፣ ፍሳሹ የታየበትን ቀንና በጎረቤትዎ ቤት የደረሰውን ጉዳት ገልጸው፣ በተወሰነ ቀን መጥቶ በጋራ እንዲመረምርና እንዲያስተካክል ይጠይቁ። ቀሪው 60 ሺህ ብር ሥራው በአግባቡ ሲጠናቀቅ ለመክፈል ዝግጁ መሆንዎንም ይጻፉ። ይህ ዓረፍተ ነገር እንዳይቀር አደራ እላለሁ፤ በአንቀጽ 1757 የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ወገን ሌላውን ፈጽምልኝ ሊል አይችልምና፣ እሱ ሳያስተካክል ቀሪውን ሊጠይቅ የማይችለውን ያህል፣ እርስዎም ለመክፈል ዝግጁ ሆነው መገኘት አለብዎ። ደብዳቤው መድረሱን የሚያሳይ ፊርማ ወይም ምስክር ይኑርዎ።

«ቧንቧው አርጅቶ ነበር» የሚለው መከራከሪያ በእኔ እምነት ደካማ ነው፤ የተዋዋለው ያንኑ መስመር ለመቀየር ነውና። በሙያው ጠንቃቃ የሆነ ሰው አዲስ የተዘረጋን መስመር በግፊት ሳይፈትሽ በሴራሚክ አይሸፍንም፤ በዚያ ቀን የፈረቃ ውሃ አልነበረም ማለትም በእጅ ፓምፕ መፈተሽ ስለሚቻል በቂ ምክንያት አይሆንም። የፈሰሰው እንዲነካ ያልታዘዘው፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚወርደው የጋራ ቱቦ ሆኖ ከተገኘ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያ ቱቦ የነዋሪዎቹን ማኅበር የሚመለከት በመሆኑ የማኅበሩ ተወካይ በምርመራው ላይ ቢገኝ መልካም ነው።

ጎረቤትዎ እርስዎን መጠየቃቸው ትክክል ነው። አንቀጽ 2077 ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ያደርገዋል፤ እሳቸው ከኮንትራክተሩ ጋር ውል የላቸውም፣ ሊያውቁትም አይገደዱም። ከውል ውጭ የሆነ የካሣ ክስ በአንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ ስላለበት፣ ጉዳዩን ቢያዘገዩባቸው እሳቸውን ወደ ክስ ይገፋሉ። እኔ የምመክረው ፍሳሹ መቆሙ ከተረጋገጠና ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ኮርኒሱንና ቀለሙን በተስማሙበት ዋጋ አሠርተው፣ ደረሰኙንና ጎረቤትዎ የፈረሙበትን ማረጋገጫ እንዲይዙ ነው። ያ ወጪ ከኮንትራክተሩ ከሚጠይቁት ካሣ ውስጥ ይገባል። ለእሳቸው ማድረጉ ደግሞ ከሕጉም በፊት የጉርብትና ግዴታ ነው፤ ኮርኒሳቸው በላያቸው እየተንጠባጠበ የእርስዎንና የኮንትራክተሩን ክርክር እስኪያልቅ እንዲጠብቁ ማድረግ አይገባም።

ኮንትራክተሩ በተሰጠው ቀን ካልመጣ፣ ሽማግሌ መላክ ይቻላል፤ ስምምነት ከተደረሰ ግን በጽሑፍ ሰፍሮ ይፈረም። ያ ካልሆነ ፍርድ ቤት በአንቀጽ 1777 መሠረት ሥራውን በእሱ ኪሣራ በሌላ ባለሙያ እንዲያሠሩ ሊፈቅድልዎ ይችላል። መታጠቢያ ቤቱን ያለ ውሃ ማቆየት ካልቻሉና ቶሎ መክፈት ግድ ከሆነብዎ፣ ገለልተኛ ባለሙያ የተበላሸውን ቦታ ከመነካቱ በፊት አይቶ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ያድርጉ፤ የተሰበረውንም ቧንቧ አይጣሉት።

ጥገናውን ማንም ይሥራው፣ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት የወለሉ ማፍሰሻ ተደፍኖ ወለሉ ላይ ውሃ ለ24 ሰዓት ይተኛበት፤ ጎረቤትዎም ከሥር ኮርኒሳቸውን እንዲመለከቱ ይጠይቋቸው። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ከዚህ ፍተሻ በኋላ እንደሆነ በአዲሱ ውል ላይ በግልጽ ይጻፍ።