የአጎትዎን ጊታር ብሪጅ በኮላ አያጣብቁ

ከሜሪላንድ አንድ አንባቢ ጽፈውልኛል። አጎታቸው እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ ዋሽንግተን ውስጥ ከአንድ አዛውንት የጃዝ ተጫዋች የገዙት ጊታር አሁን እሳቸው እጅ ገብቷል። ጊብሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1930ዎቹ የሠራው ኤል-7 የሚባል ሞዴል ነው። ለልጃቸው ከመስጠታቸው በፊት ሊያጸዱት ክሮቹን በሙሉ ሲፈቱ ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹን ከሆዱ ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት፣ ወደቀ። መልሰው ቢያቆሙትም ወደ ሆዱ በተጠጉት ፍሬቶች (በአንገቱ ላይ በተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ላይ ድምፁ ከቅኝት ይወጣል። ቀለሙ ተሰነጣጥቋል። ቡናማው ፒክጋርድ፣ ፊቱ እንዳይጫር ከክሮቹ አጠገብ የሚታሰረው ሰሌዳ፣ ደግሞ ይፈረፈራል፣ ይሸታልም። አንድ ወዳጃቸው ብሪጁን በኮላ አጣብቀው ጊታሩን እንደ አዲስ ቀለም እንዲያስቀቡት መክረዋቸዋል።

ኮላውንም ቀለሙንም ይተዉት። ዛሬውኑ መነካት ያለበት ፒክጋርዱ ነው።

የዚያ ዘመን ፒክጋርድ ሴሉሎይድ የሚባል የድሮ ፕላስቲክ ነው። ሴሉሎይድ ሲያረጅ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም ከአየሩ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆናል። የሚሸትዎት እሱ ነው። በተዘጋ ሳጥን ውስጥ መውጫ ስለሌለው ክሩን፣ ፍሬቱንና ክሮቹ ከታች የሚታሰሩበትን ብረት ይበላል። ብረቱ አረንጓዴ ካወጣ ጉዳቱ ጀምሯል ማለት ነው። ብሎኖቹን ቀስ ብለው ፈትተው ፒክጋርዱን ያውጡት። በወረቀት ፖስታ አድርገው አየር በሚያገኝበት ቦታ ያስቀምጡት እንጂ በላስቲክ አይጠቅልሉት። ሴሉሎይድ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከእሳትና ከማሞቂያ ይራቅ። አይጣሉት፤ አዲስ የሚሠራልዎት ባለሙያ ልኩን የሚወስደው ከሱ ነው።

ወደ ብሪጁ እንምጣ። የጊታሩ ፊት እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ተደርጎ ከስፕሩስ እንጨት የተጠረበ ነው። ብሪጁም እንደ ቫዮሊን በክሮቹ ጫና ብቻ ይቆማል። መውደቁ ብልሽት አይደለም። ፊቱን በባትሪ አግድም ቢያበሩበት የብሪጁ እግሮች ለዓመታት የቆሙበት ምልክት ይታያል። አዛውንቱም አጎትዎም የተጫወቱት እዚያ ላይ ነው፤ ከዚያ ይጀምሩ።

ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ በጣትዎ ነካ አድርገው ይምቱት። ቀጥሎ እዚያው ተጭነው ይምቱትና በመቃኛ ያወዳድሩ። ሲጫኑት ድምፁ ከፍ ካለ ብሪጁን ወደ ጭራው፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ ያስጠጉ። ሁልጊዜ ክሮቹን መጀመሪያ ላላ ያድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ የወፍራሞቹ ክሮች ወገን ትንሽ ወደ ኋላ ይላል። ሲስማማዎት ቦታውን በማስመሪያ ለክተው ይጻፉት፣ ፎቶም ያንሱት። ፕላስተር አይለጥፉበት፤ ያረጀውን ቀለም ይዞት ይነሳል። ከእንግዲህ ክር የሚቀይሩት አንድ በአንድ ነው።

ብሪጁ ቦታውን ይዞም ድምፁ የታፈነ ከሆነ፣ እግሮቹ ከጉብታው ጋር መግጠማቸውን ይዩ። ቀጭን ወረቀት ከሥራቸው ከገባ አልገጠሙም። ይሄን ለባለሙያ ይተዉት። የሚሞረደው ብሪጁ ነው፣ ፊቱ በጭራሽ አይነካም።

ስለ ቀለሙ እለምንዎታለሁ፣ አያስነኩት። የሙቀትና የቅዝቃዜ መፈራረቅ ላከር የሚባለውን የድሮ የሚያብረቀርቅ ቅብ ይሰነጥቃል፤ ለእንጨቱ ግን አደጋ የለውም። ቀለሙ ከተፋቀ ድምፁ ሊለወጥ ይችላል፣ ዋጋውም በብዙ ይወርዳል። የሁለቱ ሰዎች ክንድ ያሸው ቦታም አብሮ ይሄዳል፤ ያን የሚመልስ ሙያ የለም። የሚያስፈራው እንጨቱ ራሱ ሲሰነጠቅ ነው። በኤፍ ቅርጽ ቀዳዳዎቹ ትንሽ መስታወትና መብራት አስገብተው ይዩ፤ ስንጥቁ ከውስጥም ከታየ ክሮቹን አላልተው ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት። በሜሪላንድ ክረምት የቤት ማሞቂያው አየሩን ያደርቃልና ጊታሩ ያለበት ክፍል እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ ይሁን።

ለልጅዎ ሲሰጡት ሳጥኑ ውስጥ አንድ ወረቀት ይጨምሩ። በእነማን እጅ እንዳለፈ፣ ምን እንደተቀየረ፣ የብሪጁ ልክ ስንት እንደሆነ ይጻፉበት። ፒክጋርዱ ከወጣ በኋላ ደግሞ በሆዱ ጠርዝ ዙሪያ ያለውን ነጭ ማሰሪያ በቅርብ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። እሱም ሴሉሎይድ ነው፤ መፈረፈር ከጀመረ በቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም።