«አማቴ ሕመሜን ስንፍና ይሉታል»

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የነርቭ ሐኪም መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለ ሕመም እንዳለብኝ ከነገረኝ ወዲህ፣ ከሕመሙ ይልቅ ያደከመኝ የአማቴ ንግግር ነው። ሌሊት ባቴን ጨምድዶ ይይዘኝና እየጮኽሁ እነቃለሁ፤ ጠዋትም እግሮቼ እንደ እንጨት ተገትረው አልታጠፍ ይሉኛል። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ስለሚለቀኝ ጉሊት ደርሼ እመለሳለሁ፤ አማቴም ይህን አይተው «ጠዋት ሽባ፣ ከሰዓት ጤነኛ የሚያደርግ በሽታ የት አለ?» ይላሉ። ቡና ማፍላት መተዌን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያነሡብኛል። ወጌሻ አስጠርተው አሳሹኝ፤ እግሬን ሲስቡት የባሰ ሲጨመድደኝ ቅብጠት ነው አሉ። ባለቤቴ እናቱን አክባሪ ስለሆነ ዝም ይላል።

በፍልሰታ ጸበል ሲወስዱኝ እምነት አለኝና ደስ ብሎኝ ሄድሁ። እዚያም «ጸበልና ኪኒን አይቀላቀልም» ብለው የጡንቻ መገተር ማስታገሻዬን ባክሎፈንን ስለ ወሰዱብኝ ሱባኤው እስኪያልቅ ተውሁት። አንድ ሌሊት መላ ሰውነቴ ተገትሮ፣ አተኩሶኝ፣ ከሌለ ሰው ጋር ሳወራ አድሬያለሁ አሉ፤ አማቴም ክፉው መንፈስ ሊለቃት ነው ብለው ተደሰቱ። ይህ ያለፈ ነገር ነው፤ መድኃኒቴን ስጀምር ተሻለኝ። አሁን ግን ለዐቢይ ጾም ረዘም ላለ ጊዜ ሊወስዱኝ ተዘጋጅተዋል፤ ባለቤቴም «እናቴን አታስቀይሚብኝ» ይለኛል። እምቢ ብል ከእምነትም ከአክብሮትም መውጣቴ ይሆን?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

እኅቴ፣

ያለፈ ነገር ነው ያልሽው ሌሊት ሕይወትሽን ሊያሳጣሽ ይችል ነበር። ባክሎፈን በድንገት ሲቋረጥ ከቀድሞው የበረታ መገተር፣ ትኩሳት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ አንዳንዴም የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ ያስከትላል፤ ለሞት የሚያደርስበትም ጊዜ አለ። ሐኪሞች መድኃኒቱን ለማቆም ቀስ በቀስ የሚቀንሱት ለዚህ ነው። የጻፍሽው ምልክት ሁሉ ከዚህ ጋር ይገጥማልና ሳትውዪ ሳታድሪ ለሐኪምሽ ንገሪው። ይህን የሚያህል ነገር ከቡናው ወቀሳ በታች አድርገሽ መጻፍሽ አሳዝኖኛል።

እኔም ጸበል የምጠመቅ ምእመን ነኝ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ምእመናን መድኃኒቱንና ጸበሉን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። የአንቺ ኪኒን ከዚያ የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም፤ አማትሽ ከተጠራጠሩ የንስሐ አባታችሁን ይጠይቁ።

ስለ ጠዋቱና ከሰዓቱም መልስ አለሽ። በዚህ ሕመም የሰውነት መከላከያ ራሱ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ያሉ ነርቮችን ሽፋን ስለሚያጠቃ፣ ጡንቻውን ላላ የሚለው ትእዛዝ በወጉ ሳይደርስ ይቀርና ጡንቻው በራሱ ይገተራል። ሕመሙም ሰዓት እየለየ ይበረታል፣ ይቀልላል፤ ድካም፣ ብርድ፣ የሆድ ድርቀት፣ በተለይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያብሰዋል። እንዲህ ያለ ጡንቻ በፍጥነት በተሳበ መጠን አጥብቆ ይገተራል፤ ወጌሻው ሲስብሽ የሆነው ይኸው ነው እንጂ ቅብጠት አይደለም። የሚጠቅምሽ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚያሳይሽ፣ ቀስ ብሎ ተዘርግቶ ለጥቂት ጊዜ የሚያዝ ማሳሳብ ነው፤ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂና ማታ ከመተኛትሽ በፊት ሥሪው። ባክሎፈኑ ሌሊቱን ካላስታገሠልሽም መጠኑን ማስተካከል ወይም ሌላ መድኃኒት መጨመር ይቻላልና እየጮኹ መንቃትን ዕጣ ፈንታዬ ብለሽ አትቀበዪው።

የባለቤትሽን ዝምታ አክብሮት ብለሽዋል፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ አክብሮት አላውቅም። ሚስቱ ስትቃዥ አድራ ሳለ ዳግመኛ ወደዚያው ሂጂ የሚል ባል እናቱን አላከበረም፤ ከእናቱ ጋር መነጋገሩን ፈርቶ ሸክሙን በአንቺ ላይ ጥሏል። አማትሽ እንኳ ባለማወቅ ነው፤ እንድትድኚም ይመኛሉ። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ወደ ሐኪምሽ ስትሄጂ ባለቤትሽ አብሮሽ ይግባ፣ የዚያን ሌሊት ታሪክ በፊቱ ተናገሪ፣ የሐኪሙን መልስ ለእናቱ የሚያደርሰውም እሱ ይሁን። ኪኒኑን አንቺው ይዘሽ፣ ሰዓቱን ሳታዛንፊ እንድትውጪ ከተስማሙ በደስታ ሂጂ፤ ካልተስማሙ ግን አትሂጂ። ይህ እምቢታ ከእምነትም ከአክብሮትም አያወጣሽም።