ፋይሉ ውስጥ አንድ ሪድ ብቻ!

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ ጥናቴ ጤፍ ላይ ነው። የላክነው ዲኤንኤ ተነቦ ፋይሎቹ መጡልኝ፣ ፋስትኪው (ፊደሎቹንና የእያንዳንዷን ፊደል ጥራት የሚይዝ የጽሑፍ ፋይል) ናቸው፣ በጂዚፕ ታሽገው እንኳን እያንዳንዳቸው 3 ጊጋ ምናምን ይሆናሉ። የምፈልገው ከ50 ፊደል (A፣ C፣ G፣ T) ያነሱትንና ጥራታቸው የወረደውን ሪዶች (ማሽኑ ያነበባቸውን የዲኤንኤ ቁርጥራጮች) ጥዬ የቀረውን በአዲስ ፋይል መጻፍ ብቻ ነው። በፓይተን፣ ባዮፓይተንን (የፓይተን የባዮሎጂ ላይብረሪ ነው) ይዤ ሁሉንም ሊስት ውስጥ ሳስገባው ላፕቶፔ (8 ጊጋ ራም አለው) ድርቅ አለ፣ ማውሱ ራሱ አልንቀሳቀስ አለኝ። ከዛ በሉፕ አደረኩትና ሌሊቱን ሙሉ ሰርቶ ጨረሰ፣ ጠዋት ደስ ብሎኝ ፋይሉን ስከፍተው ግን ውስጡ ያለው አንድ ሪድ ብቻ! ጓደኛዬ ደግሞ «ባዮፓይተን ምን ያደርግልሻል፣ @ ምልክቷ ላይ ስፕሊት አድርጊው» ይለኛል። ልስማው?
ግራ የገባት፣ ከባህር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ሌሊቱ ያሳዝናል፣ ግን ሪዶችሽ አልጠፉም፣ ዋናው ፋይል እስካለ ድረስ ሁሉም አለ።

ከአንዷ ሪድ ልጀምር። ሉፑ ውስጥ ሆነሽ ሴክአይኦ ራይትን (SeqIO.write፣ ሪዶችን ፋይል ላይ የሚጽፈውን የባዮፓይተን ትእዛዝ) በፋይሉ ስም የጠራሽው ይመስለኛል። እሱ ደግሞ የፋይል ስም ሲሰጠው በጠራሽው ቁጥር ፋይሉን እንደ አዲስ ይከፍተዋል፣ ያለውን ያጠፋና ይጽፋል፣ ማለትም ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፍ ሲያጠፋ ሲጽፍ ሲያጠፋ አድሮ መጨረሻ ላይ ያለፈችው ሪድ ቀረችልሽ። ፋይሉን ከሉፑ በላይ አንዴ ክፈቺ፣ ሉፑ ውስጥ የተከፈተውን ስጪው፣ ሲያልቅ ዝጊ። ወይ ደግሞ እኔ የምወደውን ልንገርሽ፣ ማጣሪያሽን ጄነሬተር (ሁሉን ሳይሰበስብ አንድ በአንድ የሚያወጣ) አድርጊና ሴክአይኦ ራይትን አንዴ ብቻ ጥሪው፣ አንድ በአንድ እየተቀበለ ይጽፍና ሲጨርስ ስንት እንደጻፈ ቁጥሩን ይመልስልሻል። ያንን ቁጥር ፕሪንት ብታደርጊው ኖሮ 1 የሚለውን አይተሽ ያኔውኑ ትነቂ ነበር።

ላፕቶፑ ለምን እንደደረቀ ደግሞ እናስላው። ፋይሉ ላይ አንድ ፊደል 1 ባይት ነው፣ የጥራት ምልክቷም 1 ባይት። ባዮፓይተን ግን ጥራቱን ወደ ቁጥር ቀይሮ ሊስት ውስጥ ስለሚያስቀምጠው ራም ላይ ለእያንዳንዷ ፊደል ቢያንስ 8 ባይት ይሄዳል። የጤፍ ጂኖም ወደ 600 ሚሊዮን ፊደል ነው፣ 20 እጥፍ ተነቧል ብንል 12 ቢሊዮን፣ የጥራቱ ቁጥር ብቻ 96 ጊጋ ራም! የአንቺ 8 ነው። ፋይሉን የሚያነበው የሴክአይኦ ፓርስ ለብቻው ምንም አይልሽም፣ አንድ ሪከርድ ያወጣል፣ ትሰሪበታለሽ፣ ይሄዳል፣ ሌላውን ያመጣል። ጉዱ የመጣው ሊስት ስትይው ነው። ፋይሉንም አትፍቺው፣ በጂዚፕ ኦፕን እንደታሸገ ይነበባል፣ ግን ሞዱን «አርቲ» (rt፣ እንደ ጽሑፍ አንብብ ማለት ነው) በይው፣ ዝም ካልሽው ባይት ይሰጥሽና ባዮፓይተን ያኮርፋል።

ወደ ጓደኛሽ ስንመጣ፣ አትስሚው። ፋስታ (ጥራት የሌለው፣ ስምና ፊደል ብቻ የሚይዝ ፋይል) ላይ ቢሆን ኖሮ መስመር መጀመሪያ ላይ ባለችው > መቁረጥ ያስኬዳል፣ ፋስትኪው ግን ሌላ ነው። አንድ ሪከርድ 4 መስመር አለው፦ በ@ የሚጀምር ስም፣ ፊደሎቹ፣ +፣ ከዛ ጥራቱ። ጥራቱ የሚጻፈው በምልክት ነው፣ የምልክቱ የአስኪ ቁጥር (ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ምልክት የሚይዘው ቁጥር) ሲቀነስ 33 ማለት ነው። የ@ ቁጥር 64 ነው፣ ከ64 ላይ 33 ሲነሳ 31፣ ስለዚህ @ ራሷ ጥራት 31 ማለት ናት፣ ጥሩ ጥራት! ቆየት ባሉ የኢሉሚና (የዲኤንኤ ማንበቢያ ማሽን) ፋይሎች ላይ የጥራት መስመሩ በ@@@ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ እዛ ላይ ስፕሊት ብታደርጊ አንዷ ሪድ ሦስት አራት ቦታ ትበጣጠሳለች፣ ስክሪፕቱ ደግሞ ኤረር ላይሰጥሽም ይችላል፣ ዝም ብሎ የተሳሳተ ፋይል ያስረክብሻል።

ባዮፓይተን ቀርፋፋ ነው ካለሽ ግን እሱ ላይ እውነቱን ነው። መፍትሄው እዛው ባዮፓይተን ውስጥ አለ፣ ፋስትኪው ጄነራል ኢተሬተር (FastqGeneralIterator) ይባላል፣ ስሙን፣ ፊደሎቹንና ጥራቱን እንዳሉ በሦስት ስትሪንግ ይሰጥሻል፣ ወደ ቁጥር መቀየር የለም። ርዝመቱን በመጀመሪያ እይ፣ ከ50 ያነሰ ከሆነ ጥራቱን ሳትነኪ እለፊው፣ ለቀሩት ብቻ 33 እየቀነስሽ አማካዩን አስይ። መልሰሽ ስትጽፊ አራቱን መስመር ራስሽ ነሽ የምትጽፊው፣ @ን እና + መስመሯን እንዳትረሺ፣ እኔ አንዴ + ረስቼ ግማሽ ቀን ሄዶብኛል።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር። ፋይሎችሽ ጥንድ ጥንድ ከሆኑ (አንድ ቁራጭ ከሁለት ጫፉ ተነቦ)፣ አር1 እና አር2 የሚል ካለባቸው፣ ለየብቻ እንዳታጣሪያቸው። ከአንዱ የወጣች ሪድ ከሌላው ካልወጣች ከዛች ጀምሮ ያለው ሁሉ ተራው ይዛነፋል። ሁለቱን በዚፕ አንድ ላይ አንብቢ (የፓይተኑን ዚፕ ነው የምልሽ፣ ፋይል የሚታሸግበትን አይደለም)፣ አንዷ ከወደቀች ሁለቱንም ጣያቸው።

ደግሞ ሌሊቱን ከመስጠትሽ በፊት የመጀመሪያዎቹን 4000 መስመሮች ቆርጠሽ ሞክሪው፣ 1000 ሪድ ነው፣ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።