የቦርዶን ወይን ጠጅ ለመረዳት ከውኃው ጀምሩ

የወይን እርሻንና ጠመቃን ሙያችሁ ለማድረግ የምታስቡ ልጆቼ፣ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ስለሚገኘው የወይን አገር፣ ስለ ቦርዶ፣ የምትጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዝነኞቹ ስሞችና እ.ኤ.አ. በ1855 ስለወጣው የደረጃ ምደባ ነው። እኔ ግን አስቀድማችሁ ውኃው በአፈሩ ውስጥ የት እንደሚደርስ ጠይቁ እላችኋለሁ።

ከዢሮንድ ወንዝ በስተግራ ያለው ሜዶክ፣ ወንዞች ከፒሬኔ ተራሮችና ከማሲፍ ሴንትራል አጥበው ያመጡት ጠጠር የተከመረበት ምድር ነው። አትላንቲክ ውቅያኖስ ቅርብ በመሆኑ አየሩ ለዘብ ያለና ዝናባማ ሲሆን፣ ጠጠሩ ግን ዝናቡን ሳያቁር ያሳልፋል፤ ቶሎ ስለሚሞቅም ዘግይቶ የሚበስለው የወይን ዝርያ፣ ካበርኔ ሶቪኞ፣ በዚያ አገር ለመድረስ ይበቃል። በቀኝ ዳር፣ በፖመሮልና በሴንት ኤሚሊዮን፣ ውኃ የሚይዘው ሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ ስለሚበዛ ምድሩ ቀዝቀዝ ይላል፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚደርሰው ሌላው ዝርያ፣ ሜርሎ፣ ቦታውን ይዟል። ሜርሎ ቀድሞ ስለሚያቆጠቁጥ ግን ለጸደይ ውርጭ የተጋለጠ ነው፤ በአፕሪል 1991 የደረሰበት ጉዳት ለዚህ ምስክር ነው። ሁለቱን ዝርያዎች መቀየጥ የተለመደውም ለጣዕም ብቻ ሳይሆን አንዱ ሲከዳ ሌላው እንዲተርፍ ነው።

«ጠጁ የድንጋዩን ጣዕም ይሰጣል» የሚሉትን በጥርጣሬ ስሟቸው። የቦርዶ ዩኒቨርሲቲው ዤራር ሴጋን የሜዶክን አፈር መርምሮ ከማዕድኑ ይበልጥ ወሳኝ ሆኖ ያገኘው ለሥሩ የሚደርሰው ውኃ ነው። በበጋው መካከል ውኃው በልክ ሲያንስ ቅርንጫፉ ማደጉን ያቆማል፣ ፍሬው ትንሽ ሆኖ ይቀራል፣ ከጭማቂው አንጻር ልጣጩ ይበዛል፤ ቀለሙና አፍ የሚያደርቀው ታኒን የሚገኙትም ከልጣጩና ከዘሩ ነው። ለቀማ ሲቃረብ ዘሩን አኝኩት፤ አረንጓዴው አፍን ይኮመትራል፣ የደረሰው ቡናማ ሆኖ እንደ ቆሎ ይሰበራል።

የቦርዶው የወይን ጠጅ ኩባንያ ካስቴል በዝዋይ እነዚህኑ ዝርያዎች ተክሏል፤ የዝርያው ስም አንድ መሆኑ ግን ጠጁን አንድ አያደርገውም።

አሁን ሙቀቱ እየጨመረ ሜርሎ ስኳሩ ቶሎ ይሞላል፣ አልኮሉም ይከብዳል። በ2021 ቱሪጋ ናሲዮናልን ጨምሮ ስድስት ዝርያዎች ከማሳው 5 በመቶ፣ ከቅይጡም 10 በመቶ ሳያልፉ ለሙከራ ተፈቅደዋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን በቀኝ ዳር የነባሩን ዝርያ፣ የካበርኔ ፍራንን፣ ድርሻ ማሳደግ ነው፤ ከሜርሎ ዘግይቶ ስለሚደርስ ፍሬው የሚበስለው የበጋው ሐሩር ሲበርድ ነው፣ ለኖራ ድንጋዩም እንግዳ አይደለም።