ጽዋቸው አንድ ነበር፤ ታዲያ ለምን ተፋጁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ፕራግ ነው። የእኛ ቅዳሴ ያለበት ቦታ ይርቀኛል። ሰፈሬ ያለው የሁሳውያን ቤተ ክርስቲያን ምልክቱ ጽዋ ነው፤ ለምእመናን ሥጋውንም ደሙንም ይሰጣሉ። “ለዚህ ጽዋ ተዋግተው በኋላ እርስ በርሳቸው ተገዳደሉ” ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? እዚያስ ብቆርብ?

መልስ፦ እውነት ነው፣ እኅቴ። በዚያ ዘመን በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ የሚቀበለው ሥጋውን ብቻ ነበር። እኛ ዘንድ ቄሱ ሥጋውን ካቀበለ በኋላ ደሙ በዕርፈ መስቀል (በመስቀል ማንኪያ) ይሰጣል፤ የ40 ቀን ሕፃን እንኳ አይቀርበትም። ስለዚህ የሁሳውያን ጥም ይገባኛል። በ1415 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የኮንስታንስ ጉባኤ ጽዋውን ለምእመናን ከለከለ፤ የፕራጉን ሰባኪ ያን ሁስንም በእሳት አስቀጣ።

በስሙ ሁሳውያን የተባሉት ተከታዮቹ በ1420 በአራት አንቀጽ ተስማሙ፤ አንዱ የጽዋው ጉዳይ ነበር። ከዚያ ያለፈው ግን ለያያቸው። የፕራግ መምህራን ልብሰ ተክህኖውንና የቆየውን ሥርዓት አልተዉም። ከተማቸውን በታቦር ተራራ ስም የሰየሙት ታቦራውያን ግን “በመጽሐፍ ያልተጻፈው ሁሉ ይቅር” አሉ። በቼክኛ ቀደሱ፤ መጀመሪያ ላይ ገንዘባቸውን በጋራ በርሜል ያስቀምጡ ነበር (እዚህ ላይ የሐዋርያት ሥራን ማንበባቸው ያስታውቃል)። ኤጲስ ቆጶሳቸውን ግን ራሳቸው መርጠው ሾሙ። ለእኔ ትልቁ ስብራት ይሄ ነው፤ ከሐዋርያት ሲወርድ የመጣው አንብሮተ እድ (እጅ በመጫን የሚሰጠው ሹመት) ተቋረጠ።

ከእነርሱም መካከል ክርስቶስ በኅብስቱ በእውነት መኖሩን የሚክዱ ተነሡ። በ1421 እነዚህን በእሳት ያስቀጣው የራሳቸው የጦር አለቃ ያን ዢዥካ ነው። ሁስ ከተቃጠለ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር! በ1434 ሊፓኒ በተባለ ቦታ ለዘብተኞቹ የፕራግ ወገኖች ከካቶሊክ መኳንንት ጋር አብረው ታቦራውያንን ደመሰሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጽዋው ተፈቀደላቸው፤ ለሕፃናት ግን አልተፈቀደም።

ወደ አንቺ ጉዳይ ስመለስ፣ ሰፈርሽ ያለው ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተው በ1920 ነው። ጽዋው ስለተመሳሰለ ሃይማኖታችን አንድ አይሆንም፤ እዚያ አትቁረቢ። ገብተሽ ሕንፃውን ብታዪ ግን ማንም አይከለክልሽም። ለንስሐ አባትሽ ደውዪና ቅዳሴ የሚኖርበትን ቀን ጠይቂ፤ የባቡር ትኬትሽንም አስቀድመሽ ቁረጪ። ከቁርባን በፊት ያለው ጾም 18 ሰዓት ነውና መንገድ ላይ ውኃም ቢሆን እንዳትቀምሺ።